ዓይን የገባበት ላፕቶፕ

ስሙኝማ፤ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ የሠፈራችንን ዕድር መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ፣ ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ። መዝገቡ ያለው ጓዳ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የእህቴ ልጅ ሊኑክስ ጭኖበት ሄዷል። ጓዳው ደግሞ የእንጦጦ ብርድ መናኸሪያ ነው። እኔ የፈለግኩት የጓዳው ፕሮግራም ሳሎን፣ ዊንዶውስ ላፕቶፔ ላይ እንዲከፈትልኝ ብቻ ነበር።

ይቻላል። ኤክስ የሚባለው የመስኮት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ ሲጠነሰስ ጀምሮ ነገሩ ይኸው ነው፦ ፕሮግራሙ አንዱ ማሽን ላይ ይሠራል፣ መስኮቱ ሌላው ላይ ይታያል። ሰርቨሩ ታዲያ ጓዳ ያለው አይደለም፤ ስክሪንና ኪቦርዱን የያዘው፣ ጭኔ ላይ ያለው ላፕቶፕ ነው። ይህ እስኪገባኝ ቡናው በረካ ደረሰ።

ላፕቶፑ ላይ ቪሲኤክስሰርቭ የሚባል የኤክስ ሰርቨር ጫንኩ። ሲነሳ ይጠይቃል፤ ሁሉም አንድ ትልቅ መስኮት ውስጥ ይታጎር ወይስ እያንዳንዱ የራሱ መስኮት ይኑረው? ሁለተኛውን መረጥኩ። ቀጥሎ «ዲሴብል አክሰስ ኮንትሮል»፣ የመግቢያ ቁጥጥሩ ይጥፋ፣ የሚል ሳጥን መጣ። ጓዳው «ካንት ኦፕን ዲስፕሌይ» እያለ ነዝንዞኝ ስለነበር ምልክት አደረግኩበት፤ ፋየርዎሉ ልፍቀድ ወይ ሲለኝም ፍቀድ አልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

መዝገቡ ግን ተከፈተ! ከዊንዶውስ ካልኩሌተር ጎን፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ መስሎ። ይህን ሳላሳይማ አላድርም ብዬ የዕድሩን ሰብሳቢ ጋሼንና የዕድሩ አባል የሆኑትን እትዬን ጠራኋቸው። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ማን መዋጮ እንዳልከፈለ ማየት ሲጀምሩ፣ ስክሪኑ ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፈጠው ወጡ። ማውሱን ወደ ግራ ስወስድ ወደ ግራ ያያሉ፤ የእትዬ ስም ላይ ሳሳርፈው የእትዬ ስም ላይ አፈጠጡ። ስማቸው አጠገብ ደግሞ፣ ምን ያደርጋል፣ ውዝፍ አለ።

«በስመ አብ! ዓይን ገብቶበታል!»

«ኤክስ-አይስ ነው እትዬ፣ መጫወቻ ነው።»

«ታዲያ ማን ከፈተው?»

«እኔ አይደለሁም።»

ጋሼ ይህን ሲሰሙ አማተቡ። እትዬ ወጥተው የእንጦጦ ማርያም ጠበል በሃይላንድ ይዘው ከች አሉ፤ ላፕቶፑን ያተረፍኩት በጋቢዬ ሸፍኜ፣ ራሴ ተጠምቄ ነው። ከግድግዳው ማዶ ዋይፋይ የምንጋራው የጎረቤት ጎረምሳ ሳቁ ሲያፍነው ይሰማኛል። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼለት ምን ያድርግ!

እናንተዬ፣ ያንን ሳጥን አትንኩት። ፑቲ በሚባለው ፕሮግራም ላይ «ኤክስ 11 ፎርዋርዲንግ» የሚለውን ብታበሩት መስኮቱ በተመሰጠረው የኤስኤስኤች መስመር አልፎ ይመጣል፤ ለጎረቤት የሚተርፍ ቀዳዳ የለውም። እኔም አሁን የምሠራው በዚሁ ነው። እትዬ ግን መዋጯቸውን እስከ ዛሬ በሰው እጅ ነው የሚልኩት።