ባለፈው ሳምንት ብትመጣ!

ሚኔሶታ ውስጥ መንጠቆ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ነገር በቃሉ ያውቃል፦ «ባለፈው ሳምንት ብትመጣ ኖሮ!» በፓይክ ዓሣ ያስለከፉኝ፣ ሴንት ፖል የሚኖሩ ጋሼ የምላቸው ሰው ደግሞ ይህችን ነገር ወቅት ሳይመርጡ ይደግሟታል።

ግንቦት ላይ ስንሄድ «አይ፣ አሁንማ ዕንቁላሉን ጥሎ ጨርሷል። በረዶው እንደቀለጠ ነበር ዳር ዳሩን ሣር ውስጥ የሚርመሰመሰው» ይሉኛል። ያኔ እንዳንሄድ ደግሞ ሕግ አለ። በአብዛኞቹ የግዛቱ ሐይቆች ፓይክ ማጥመድ የካቲት አጋማሽ ላይ ይዘጋል፤ የሚከፈተው ግንቦት ሲገባ ነው። ልብ በሉ፣ ሁዳዴን ነው የሚውጠው! እኛ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያልን ስንት ድግስ አደፍርሰናል፤ የሚኔሶታ ሕግ ግን ጉባኤ ሳይጠራ ገላገለን። ችግሩ የሚከፈተው ከፋሲካ በኋላ መሆኑ ነው። ዶሮውና ክትፎው ቀርቦ ማን ፓይክ ያስታውሳል? የካቶሊክ ጎረቤቶቻችን በጾማቸው ዐርብ ዐርብ ዓሣ ጠብሰው ይበላሉ፤ ከየት እንደሚያመጡት አልጠየቅኳቸውም። ፓይክ ራሱ እንደሆነ ጾም የሚባል አያውቅም፤ የገዛ ዘመዱን ይውጣል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ሐምሌ ላይ «ውሃው ሞቀ፤ ትልልቆቹ ቅዝቃዜ ፍለጋ ጥልቁ ገብተዋል» ይላሉ። ሣሩ ውስጥ የቀሩት ውርጋጦች ብቻ ናቸው። ጥቅምት ላይ ደግሞ «ነፋሱ ዞሯል» ነው። ውርጩ መጥቶ በረዶው 4 ኢንች ሲያልፍ በእግር ይኬድበታል፤ ጨለማ ጎጆ ውስጥ ገብተን፣ ቀዳዳውን ቁልቁል እያየን፣ ጦር ይዘን እንጠብቃለን። ጦር! በአሜሪካ! እዚያም ጋሼ ወደ ውሃው አጎንብሰው «ባለፈው ሳምንት...» ብለው ጀመሩ።

እንዴ ጋሼ! ባለፈው ሳምንት ስልክዎ ተበላሽቶ ነበር? ዓሣው ሲርመሰመስ «ቶሎ ና» ቢሉኝ ምን ነበረበት? ካለፈ በኋላ የሚነገር ምክር ማብሸቅ እንጂ ምክር አይደለም። አገር ቤትም እንዲሁ ነው፤ ቦታ በርካሽ ሲሸጥ ትንፍሽ ያላለ ዘመድ፣ ዋጋው ሰማይ ሲነካ «ያኔ ብትገዛ ኖሮ» እያለ ቡናችንን ይጠጣል። ያኔ አፉን ማን ያዘው?

ይህን ሁሉ በሆዴ ነው ያልኩት። ጋሼ ከፔርሙዝ ሻይ ቀዱልኝና በ1929 እ.ኤ.አ. ከባስውድ ሐይቅ ስለወጣው ፓይክ ያወጉኝ ጀመር፤ 45 ፓውንድ ከ12 አውንስ፣ የግዛቱ ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ። እሱንም ለጥቂት ያመለጠን አስመሰሉት።

ደግሞስ ቢያዝ? ሥጋው መሀል ባላ የሚመስል እሾህ ተሰድሮበታል። ጋሼ እሾሁን እየሸሹ አምስት ቦታ ይገነጣጥሉታል፤ እጃቸው ሲያምር! ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልቻልንበትም። እሳቸው ጉላሽ ይሁን ይላሉ፣ ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ ዓሣ ካልተጠበሰ ምኑን ዓሣ ሆነ ባይ ናቸው፤ እኔን ዳኛ አድርገው ሽንኩርት ያስከትፉኛል።