የጀሞዋ ታቃፊ፦ የሐበሻ ዶሮ መለያ ባሕርያትና ምርታማነት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሐበሻ ዶሮ በሦስት ይከፈላል፦ በራሷ ግቢ የምትጭር፣ በጎረቤት ግቢ የምትጭር፣ እና በበዓል ዋዜማ በጀሞ ኮንዶሚኒየም በረንዳ የታሰረች። ሦስተኛዋ ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ ለጥናት አትመችም። ሁለተኛዋን በሚመለከት ደግሞ ባለ ጎመኑ ጎረቤት ከስድብ ውጭ መረጃ አይሰጥም።

በላባ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ገብስማና ወሰራ ይባላሉ፤ በራስ ቅርጽ ጉትዬና እባብ ራስ፤ በኩክኔ ነጠላና ድርብ። ድርብ ኩክኔ ያለው አውራ ዶሮ በገበያ ይወደዳል። ኩክኔው ወጥ ውስጥ እንደማይገባ ሻጭም ገዢም ያውቃሉ፣ ዋጋው ግን አይቀንስም። አንገተ መላጣዋ በአንጻሩ ትናቃለች። መላጣነቱ በዘር ውርስ የበላይ ባሕርይ ስለሆነ ከአንድ ወላጅ ብቻ ብትወርሰው ይወጣባታል፤ ላባዋ ማነሱም ሙቀት እንድትችል ይረዳታል። ገዢ ግን «ይቺ ደግሞ ምን ነክቷት ነው?» ብሎ ያልፋል።

ወደ ምርታማነት ስንመጣ የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ የፈረንጅ ዶሮ እስከ 300። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት መታቀፍ ነው። ደርዘን ያህል ጥላ ትታቀፋለች፣ 21 ቀን ትቀመጣለች፣ ከዚያ ጫጩት ስታሳድግ ሁለት ወር ያልፋል።

ታቃፊ ዶሮም ሁለት ዓይነት ናት፦ እንቁላል ያላትና የሌላት። ሁለተኛዋ ሰፊ ትንታኔ ይገባታል። እንቁላሏ ለቁርስ ተጠብሶ አልቋል፤ እሷ ግን ድንጋይ ወይም ሽንኩርት ታቅፋ፣ ላባዋን ነፍታ፣ የቀረበን እጅ ትነክሳለች። በቀን አንዴ ትነሳለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትጥላለች፤ ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ዛሬ የታጠበው በረንዳ ነው። መፍትሔውን ሁሉም ሰው ያውቃል፦ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ገልብጦ ማንጠልጠል፣ በአፍንጫዋ ላባ ማሳለፍ፣ ጎረቤት መላክ። ውኃው ሆዷን ስለሚያቀዘቅዝ አንዳንዴ ይሠራል። ጎረቤት የተላከችው ግን የጎረቤቱን እንቁላል ትታቀፋለች።

የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 ከሐበሻ ዶሮዎች አንዷ የሆነችውን የሆሮ ዶሮን መርጦ ማራባት ጀመረ፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ እንቁላሉ ከእጥፍ በላይ አደገ። እንግዲህ ዘሯ ደካማ ነው የሚለው ክስ ውድቅ ነው። በዚያ ላይ የ40 እንቁላሏ ሒሳብ የመፈልፈያ ማሽንነቷን፣ የሞግዚትነቷንና ጭልፊት የማባረር ሥራዋን አይቆጥርም። መብራት ሲጠፋም ሥራ አታቆምም።

ከዚህ በላይ መመደብ አያስፈልግም። ሽንኩርት የታቀፈች ዶሮ እቤታችሁ ካለች፣ ከሱቅ የተገዛውን የፈረንጅ እንቁላል ተዉት፤ አውራ ስላላገኘው አይፈለፈልም። አውራ ዶሮ ካለው ጎረቤት እንቁላል ለምኑና ማታ ሲጨልም ከሥሯ አድርጉላት። ሽንኩርቱን ግን ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ ትነክሳለች።