ከጎንሽ ማን ይቀመጣል?

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ወሬ ከባለወሬው ቀድሞ ይደርሳል። ትሬለር መግዛቴን ገና ለልጄ ሳልነግራት፣ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ በርበሬ የሚመዝንልኝ ጎረምሳ «እናቴ፣ ቤት ገዛሽ አሉ! እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ።

«ባለ ጎማ ነው» አልኩት።

«ታዲያ እሱ ቤት ይባላል?»

«አንተ የተከራየኸው ምድር ቤት መስኮት አለው?»

ዝም ብሎ በርበሬ መረቀልኝ።

ከዚያ ወዲህ ያልተጠየቅሁት የለም። ክርስትና ላይ ይጠይቁኛል፣ ምርቃት ላይ ይጠይቁኛል፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ሟቹን ትተው እኔን ያነሳሉ። ጡረታ የወጣች ሴት ፒክአፕ ላይ ትሬለር ቀጥላ ከካምፕ ካምፕ ብቻዋን ትዞራለች ሲባል፣ የአገር ቤት ፖለቲካ ለአንድ ቀን ዕረፍት ያገኛል። ጥያቄው መልኩን ይቀያይራል እንጂ መድረሻው አንድ ነው፤ ከሾፌሩ ጎን ያለችው ወንበር። ትሬለሩ ማንንም አላስጨነቀም። እንቅልፍ የነሳቻቸው ባዶዋ ወንበር ናት። በየድንኳኑ ከምደጋግመው መልሴ እዚሁ ይጻፍልኝ።

«ቢደክምሽ ማን ይነዳል?» ማንም። ሲደክመኝ አቆማለሁ፤ አልጋዬ ከኋላዬ እየተከተለኝ ነው። ሌሊት ከሥራ ስትመለስ ሃይዌይ 495 ላይ የምታንቀላፋው አንተ፣ አልጋህ የት ነው ያለው?

«ብትሞቺስ ማን ያገኝሻል?» ይህንን የጠየቀኝ የዕድራችን ሰው ነው፤ ሙያው ስለሆነ አልፈርድበትም። ወንድሜ፣ ካምፕ ውስጥ ቦታ የሚለቀቅበት ሰዓት አለ። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ላይ እኩለ ቀን ነው። ካልወጣሁ መጥተው ያንኳኳሉ። አንተ አፓርትመንትህ ውስጥ ብትሞት መጀመሪያ የሚያንኳኳው ኪራይ ሰብሳቢው ነው፤ እሱም ወሩ እስኪገባ ይታገሥሃል።

ከሁሉም የከበደው ግን የጋሼ ነው። ጋሼ የሰንበቴያችን አንጋፋ ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ አይናገሩም። «ሴት ልጅ ያለ ወንድ ጫካ አታድርም» አሉ፣ ጠርገው።

«ጋሼ፣ ስንት ፓውንድ ነዎት?»

«ምን አገባሽ?»

«በጣም ያገባኛል እንጂ! የፒክአፔን በር ሲከፍቱ ጎኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከ1,450 ፓውንድ አይለፍ ይላል። ትሬለሬ ውሃውና ጓዙ ሲገባ 4,600 ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው አፍንጫው ላይ ተጭኖ የፒክአፑ ጀርባ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰና ክብደቱ ወደ ኋላ ከሄደ፣ ሃይዌይ ላይ ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ መኪናውንም ይዞ ይሄዳል። እና 600 ፓውንድ ገደማ እዚያ ጋ አለቀ። መቀጠያው ብረት ራሱ ቀላል አይደለም። ጄኔሬተር አለ፣ የመፍቻ ሣጥን አለ፣ ማገዶ አለ፣ እኔም አለሁ፤ የእኔን አይጠይቁኝ። የቀረው ለአንድ ባል ይበቃል። ለባልና ለአስተያየቱ ግን አይበቃም።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከጠረጉ በኋላ ግን ምንም አልተናገሩም። በሰንበቴው ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ባለቤታቸው ደግሞ በመንፈሳዊ በኩል መጡ። «እሺ ብቻሽን ሂጂ፤ መስቀል ግን ከመኪናሽ አይጥፋ» አሉኝ። እትዬ፣ ከሥሩ አለልዎት። ትሬለሩን ከመኪናው ጋር የሚይዙት ሁለቱ ሰንሰለቶች ቀጥ ብለው አይታሰሩም፤ ከመቀጠያው ሥር ተሻግረው በመስቀል ነው የሚያያዙት። መቀጠያው ቢወልቅ የትሬለሩ አፍንጫ አስፋልት ላይ ከመተከሉ በፊት የተጠላለፈው ሰንሰለት ታቅፎ ይይዘዋል። ፈረንጅ ሳያስበው ያማተበበት ቦታ ይሄ ብቻ ይመስለኛል።

ወደ ኋላ መንዳቱ ላይ ቆም እንበል፤ ተረቡ ሁሉ የሚቀቀለው እዚያ ነውና። አገር ቤት ተሳቢ ያለው መኪና ረዳት አለው። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ «ና ና ና፣ ቀኝ ስበር፣ ና… በቃ!» ብሎ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ደለቅ ያደርጋል፤ ሾፌሩም ያምነዋል። አሜሪካ ካምፕ ውስጥ ረዳቱ የትዳር ጓደኛ ነው። አመሻሽ ላይ ቀድመው የገቡት ሰዎች ታጣፊ ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቢራቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ባልየው በመስኮት አንገቱን ያወጣል። ሚስትየዋ ከኋላ ሆና እጇን ታወናጭፋለች።

«ወደ ግራ!»

«ያንቺ ግራ ነው የኔ ግራ?»

«ግራ ግራ ነው!»

የሽንት ቤቱ ቧንቧ ዛፍ ሲነካ ቀጣዩን ጭቅጭቅ መስማት ነውር ስለሆነ ሁሉም ወደ ቢራው ያቀረቅራል። እኔ የምከራከረው የለኝም። እጄን ከመሪው ታች አደርጋለሁ፤ የትሬለሩ ኋላ ወደ ግራ እንዲሄድ ስፈልግ እጄን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስፈልግ ወደ ቀኝ። ካልገባኝ አቁሜ ወርጄ አያለሁ፣ ተመልሼ ትንሽ እገፋለሁ፣ ደግሞ ወርጄ አያለሁ። «ስንት ጊዜ ወረድሽ?» ይሉኛል። አንዴ ከቆመ በኋላ ማን ይቆጥራል? የነዚያን ባልና ሚስት ኩርፊያ ግን እስከ ማግስቱ ቆጥሬዋለሁ።

በሱዳን ገዳሪፍ በኩል ተሰድዶ የመጣ አንድ ወንድማችን የሚያምር ተረብ ወረወረብኝ፤ ሳልስቅ አላለፍኩትም። «እኛ ከካምፕ ለመውጣት ስንት ዓመት ተሰቃየን፤ አንቺ ከፍለሽ ትገቢያለሽ?»

«ያኛው ካምፕ ማን ውጣ ብሎህ ያውቃል?» አልኩት። «እዚህ በብዙዎቹ የመንግሥት ካምፖች ከ14 ቀን በላይ ልቀመጥ ብትል ያስወጡሃል። ስደተኛ ለመሆን ብትለምን እንኳን አይፈቅዱልህም።»

«ሰልፍስ?»

«ሰልፍማ አለ! ጥሩ ቦታ የሚከፈተው ስድስት ወር ቀድሞ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። ሰዓቱ እስኪደርስ ኮምፒውተር ላይ ታፈጣለህ፤ ሲከፈት ከዓይንህ ሥር ያልቃል። የዱቄት ወረፋ የለመደ ሰው ያሸንፋል።» እውነትም ያሸንፋል፤ ለመጪው መስከረም የባሕር ዳርቻውን ቦታ የያዘልኝ እሱው ነው።

ወጣቶቹ ደግሞ በባህል በኩል ይመጣሉ። «አንቲ፣ ይሄ እኮ የነጭ ነገር ነው፤ ሐበሻና ትሬለር ምን አገናኘው?» የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ሳትወለጂ፣ እናትሽም ሳትታሰብ ተገናኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 የኤርስትሪም መሥራች ዋሊ ባያም 41 የሚያብረቀርቁ ትሬለሮች ከኬፕታውን አስነሥቶ እስከ ካይሮ ነድቷል። መንገዳቸው በኢትዮጵያ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ የተቀበሏቸው ጃንሆይ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ያላፈሩበትን ነገር አንቺ ሜሪላንድ ላይ አፈርሽበት? የኔው ኤርስትሪም አይደለም፤ የእሱን ዋጋ ስሰማ እኔም ዘውድ ያስፈልገኛል።

«አርጅተሽ!» ላሉኝ አጭር መልስ። 62 ዓመት ሲሞላኝ በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የፓርክ ካርድ ገዛሁ። የብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ክፍያ የለብኝም፣ በብዙ ካምፕ ደግሞ ግማሽ ዋጋ ነው የምከፍለው። እናንተ ዕድሜያችሁን ለመደበቅ ለፀጉር ቀለም በዓመት ስንት ታወጣላችሁ?

«እንጀራስ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል!» እዚህ ላይ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። የትሬለሬ መስመር 30 አምፕ ነው፤ በ120 ቮልት ቢበዛ 3,600 ዋት። ምጣዱ ብቻውን 1,500 ገደማ ይወስዳል። ኤሲው ያንኑ ያህል ይጠይቃል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ እሱም አያንስም። ሦስቱን አንድ ላይ ከከፈትሽ፣ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ማውጣት ሲጀምር «ቀጭ!» ይልና ሁሉም ጸጥ። ስለዚህ ማሞቂያውን አጠፋለሁ፣ ኤሲውን አጠፋለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ በላብ ተጠምቄ እጋግራለሁ። ሸናንዶዋ ካምፖች ውስጥ ደግሞ መሰኪያ የሚባል ነገር የለም፤ ለዚያ ድርቆሽ አለ። የስንቅን ነገር አያቶቻችን ጨርሰውታል፤ ፈረንጅ ገና በደረቀ ሥጋ ላይ ነው።

ብቻዬን ስለመብላቴ ግን ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንጋግርበት ያ ባለ 16 ኢንች ክብ ምጣድ ለኛ አልተሠራም፤ የኖርዌይ ዘሮች ሌፍሰ የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣ የሚጋግሩበት ነው። አንድ ቀን ምጣዴን ውጭ ጠረጴዛ ላይ ጥጄ ሳለሁ ከሚኒሶታ የመጣች ባልቴት ከሩቅ አይታው እየሮጠች መጣች። ሌፍሰ መስሏታል። ሊጡን በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰች፤ ፊቷ ተኮማተረ። ያም ሆኖ አክንባሎውን ሳነሳ ጭንቅላቷን ከእንፋሎቱ ውስጥ አላወጣችም። የሟች አያቷን የቂጣ መገልበጫ እንጨት ከትሬለሯ አምጥታ «በዚህ አውጪው» አለችኝ። ከሰፌዴ ይልቅ ቀለለኝ፤ ይህን ለእናቴ አትንገሩብኝ። እስኪመሽ ተቀምጠን በላን። አፓርትመንቴ ውስጥ ከጎኔ ያለው በር የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ፊላደልፊያ ለመሄድ ያን ያህል ትዞሪያለሽ? በዋሻው አታልፊም?» አላልፍም። ትሬለር ፕሮፔን ይይዛል፤ የባልቲሞር ዋሻዎች ደግሞ ከ10 ፓውንድ የበለጠ ጠርሙስ አያስገቡም፤ የኔዎቹ ባለ 20 ናቸው። ድሮ በኪይ ድልድይ እንሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2024 መርከብ መትቶት ሲወድቅ ሌሊት ላዩ ላይ ይሠሩ የነበሩ ስድስት ሰዎች ይዞ ሄደ፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ከዚያ ወዲህ ሃይዌይ 695ን በምዕራብ በኩል ዞሮ መሄድ ነው።

«ያንን የቼሳፒክ ድልድይስ ብቻሽን?» ከአራት ማይል በላይ ነው፤ ከፍታው የሚያስፈራቸው ሰዎች ገንዘብ ከፍለው መኪናቸውን ሰው ያሻግርላቸዋል። ነፋስ ግን ከጎኔ ሰው ይኑር አይኑር አይቆጥርም፤ የሚያየው የትሬለሩን ጎን ነው። ኃይለኛ ከሆነ ትሬለር ይከለከላል፤ ወዲህ ማዶ ቆሜ ቡና አፈላለሁ።

«ሌባ ቢመጣስ?» በራፌ ላይ ትልቅ የወንድ ቦት ጫማ አስቀምጫለሁ፤ ወንበርም ሁለት ነው የምዘረጋው።

«የማን ጫማ ነው?»

«የባሌ።»

«ባል አለሽ እንዴ?»

«ጫማው አለ። አያንኮራፋም፣ እራት አይጠይቅም፣ ወደ ኋላ ስነዳም ግራ ቀኝ አይለኝም።»

ይህን የሰማች አክስቴ ተስፋ አልቆረጠችም፤ «እዚያ ካምፕ አንዱ ደህና ሰው ይገጥምሽ ይሆናል» ትላለች። አክስቴዋ፣ ሎነርስ ኦን ዊልስ የሚባል የብቸኛ ተጓዦች ክበብ አለ፤ ነጠላ ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። ጥንድ ሆነው መጓዝ የጀመሩ አባልነታቸው ያበቃል። ባል ባገኝ ከክበቡ መባረሬ ነው። ለአንድ ሰው ብዬ ስንት ጓደኛ ልጣ?

ድብ? ሸናንዶዋ ላይ አለ፤ የሚፈልገው ግን የምግብ ሣጥኔን ነው፤ መኪና ውስጥ ቆልፌ እተኛለሁ። ፈረስ? አሳቲግ ደሴት ላይ የዱር ፈረሶች ከባሕሩ ዳር ይንጎራደዳሉ፤ 40 ጫማ ራቁ ይባላል፤ ፈረሶቹ ግን ሕጉን አላነበቡም። የጎረቤቴን ሙሉ ዳቦ ከነከረጢቱ ሲወስዱ አይቻለሁ።

የመጨረሻዋ ተረበኛ በሹክሹክታ ነው የመጣችው፤ ከቡናው ሥር ተጠግታ። «እንዴት ነሽ፣ ልጆች ደህና፣ አማረብሽ፣ ከሳሽ መሰለኝ…» ብላ ብላ፣ «ሰው እንደሚለው ሽንት ቤትሽንም ይዘሽ ነው አሉ የምትዞሪው፤ በእጅሽ ነው አሉ የምትደፊው» አለች።

እውነት ነው እህቴ። ሁለት ታንክ አለኝ፤ ጥቁሩ የሽንት ቤቱ ነው፣ ግራጫው የእቃ ማጠቢያውና የሻወሩ። ጓንት አጠልቃለሁ፣ ቧንቧውን እገጥማለሁ፣ መጀመሪያ ጥቁሩን እለቃለሁ፤ ግራጫው ሳሙናማ ውሃ ኋላ የሚመጣው ቧንቧውን አጥቦ እንዲሄድ ነው። አንቺ ግን ገልብጠሽው ነው የምትደፊው፤ መጀመሪያ ሳሙናውን «እንዴት ነሽ፣ ልጆች ደህና»፣ ከዚያ ጥቁሩን። ጆሮዬን ማን ይጠብልኝ?