ቡናው እዚህ፣ ምርምሩ ባሕር ማዶ

ኧረ በዚህ መብራት ተማረርን! ሚዛን መጣ ሲባል ቴፒ ሄደ ይባላል። ሰው በምጣዱና በስልኩ ያማርራል፣ እውነቱን ነው። ቤተ ሙከራ የምንውል ሰዎች ብሶት ግን ሰሚ አላገኘም።

ቡና እንቅልፍ የሚያባርረው እንዴት ነው? ከበበቃ እስከ ቴፒ ቡና ሥር ከሚኖር ሰው በላይ ይህን ማን ሊጠይቅ ይገባ ነበር? መልሱን ያገኙት ግን ጃፓንና አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎላችን ውስጥ እየተጠራቀመ ያደክመናል፤ ካፌይን ደግሞ የአዴኖሲንን መቀበያዎች ይዘጋበታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤ2ኤ የተባለው መቀበያ የሌላቸውን አይጦች ካፌይን እንደማያነቃቸው ታወቀ። በ2011 እነ ሚካኤል ላዛሩስ ቦታውን ለዩት። ኤኤቪ የተባለውን ቫይረስ የራሱን ጂኖች አውጥተው፣ የመቀበያውን ጂን ዝም የሚያሰኝ አጭር አርኤንኤ አሸከሙትና ኒውክሊየስ አከምበንስ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል በቀጭን መርፌ አስገቡት። ጂኑ እዚያች ቦታ ላይ ዝም ሲል ካፌይን ማንቃቱን ተወ። (ይህ በትልልቆቹ አይጦች ላይ ነው፤ በትናንሾቹ ቫይረሱ የተሸከመው ጂኑን ቆርጦ የሚያስወጣ ኢንዛይም ነበር።)

እኛም የራሳችን ጥያቄ አለን። የቤንችና የሸካ ሰው የሚጠጣው ጨሞ፣ ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር የሚፈላው የቡና ቅጠል፣ የሚያነቃው በዚያው መቀበያ በኩል ነው? ወይስ ቅመሙም የራሱ ሥራ አለው? ጨሞ ጠጥቶ ያደገ ካልጠየቀው ማን ይጠይቅልናል?

ለዚህ የሚያስፈልገው ቫይረስ የጣት ጫፍ በምታህል ብልቃጥ ነው የሚመጣው። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። በደረቅ በረዶ ታሽጎ ይላካል፤ በረዶው ግን «ማኅተም ጎድሏል፣ ነገ ተመለሱ» ሲባል አይጠብቅም፣ ይተናል። ምንዛሪው እስኪገኝ የሚያልፈው ጊዜ ሳይቆጠር፣ ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ ሚዛን እስኪደረስ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። አንዴ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ቫይረስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ብልቃጡን በማየት ግን አይታወቅም። ስንት ወር ለፍተህ ሙከራው ሲከሽፍ ሐሳቡ ይሁን ቅዝቃዜው ያበላሸው መለየት ያቅትሃል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አይጦቹም አሉ። የእንቅልፍ ጥናት ላይ ያለ አይጥ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ ሳይዛነፍ ማግኘት አለበት። አይጥ በተፈጥሮው በጨለማ ነው የሚነቃው። መብራት እኩለ ቀን ላይ ድርግም ሲል የነቃው በካፌይኑ ነው ወይስ በጨለማው? ያ ቀን ከመዝገብ ይሰረዛል። ጄኔሬተር አለ ይባላል፤ ነዳጅ ሲጠየቅ ግን ሌላ ደብዳቤ ነው።

በዚህ ላይ ቫይረስ የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ «በሽታ ልታመጡብን ነው?» ይላል። ኤኤቪ ሰውን እንደሚያሳምም አይታወቅም፣ ያለ ሌላ ቫይረስ እርዳታም አይራባም፤ ይህን ስንት ጊዜ እናስረዳ? «አይጥ ከሆነ ጎተራችን ሞልቶ የለም ወይ?» የሚልም አለ። የጎተራ አይጥ ዘሩ የተደበላለቀ ነው፤ ለእኛ የሚያስፈልገን በጂን አንድ ዓይነት የሆነ፣ ለትውልዶች እርስ በርሱ የተዳቀለ ነው።

መንገዱንም ምንዛሪውንም እንታገሥ። መብራቱ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ አስቀድሞ መንገር ግን ምን ይከብዳል?