ለሽማግሌ ዜሮ ነጥብ

ጀርመን መግባት በነጥብ ሆኗል። በፈረንጆቹ ሰኔ 2024 ቻንሰንካርተ የሚሉት ወረቀት ከወጣ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ እኔ ወዳለሁበት ሽቱትጋርት እየደወለ ነጥቡን በእኔ ያስቆጥራል። ዲግሪውን ወይም የሙያ ወረቀቱን ይዞ፣ ለመኖሪያ የሚበቃ ገንዘብ አሳይቶ፣ 6 ነጥብ ያሟላ ሰው ቀጣሪ ባይኖረውም ገብቶ እስከ አንድ ዓመት ሥራ መፈለግ ይችላል። ጀርመንኛ ነጥብ አለው፣ የሥራ ልምድ ነጥብ አለው፤ ይሁን፣ ደግ ነው። ደሜ የፈላው ዕድሜ ላይ ስደርስ ነው። እስከ 35 ዓመት ላለ 2 ነጥብ፣ እስከ 40 ላለ 1 ነጥብ፣ ከዚያ በላይ ባዶ! እኛ አገር ሽበት ወንበር ያስለቅቃል፤ እዚህ ከወረፋ ያስወጣል። የእኔ ወረቀት በደርግ ዘመን ያለቀ ነው፣ ለራሴ ብዬ አይደለም። ግን ግማሽ ነጥብ እንኳ ቢያስቡልን ምን ይጎድልባቸው ነበር?

የእህቴ ልጅ እነዚያን ሁለት ነጥቦች ዘግይቶ በመወለዱ ብቻ አገኛቸው። ጎተ ኢንስቲትዩት ተምሮ ቢ ዋን አለፈ፣ ሁለት። በሙያው ሁለት ዓመት ሠርቷል፣ ሁለት። ስድስት ሞላ። «ጋሼ፣ ኑሮው እንዴት ነው?» ብሎ ሲደውል፣ እውነቱን ልንገረው ብዬ ገና ከጥቅምቱ ጨለማ ስጀምር እህቴ ስልኩን ነጠቀችው። «አንተ ከተቀመጥክበት ሳትነሣ ልጄን አትቀመጥ ትለዋለህ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ የለኝም። ስንት ዓመት ሙሉ ሳማርር ኖሬ ዕቃዬን ጠቅልዬ አለመመለሴን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ያልነገርኩትን እዚህ ልናገር። በዚህ አገር ደመወዝ ሁለት ነው፤ ብሩቶ የሚወራ፣ ኔቶ የሚበላ። ላጤ ከሆንክ በግብር አንደኛ ክፍል ነህ፤ አንደኛ ክፍል ሲሉህ የባቡር እንዳይመስልህ። ግብሩ፣ ጡረታው፣ የጤና መድኑ፣ የሥራ አጡ መድን እየተቀናነሰ ሲሶውን፣ አንዳንዴም ከሲሶ በላይ ይዞት ይሄዳል። ከተረፈው ላይ የቤት ኪራይ አለ። የሬዲዮና የቴሌቪዥን መዋጮ የሚባል 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም በየወሩ አለ፤ «ቴሌቪዥን የለኝም» ብትል የሚሰማህ የለም፣ የሚቆጠረው ቤቱ ነውና። ልጁ እንደመጣ ሥራ አገኘ፣ ተመስገን። ለእናቱ የነገራት ግን ብሩቶውን ነው! እሷም ብሩቶውን በዕለቱ ምንዛሪ አባዝታ ለዕድር ሰው ሁሉ ነግራለች። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላማ ሒሳቡ ሰማይ ነካ። አሁን «ላክ» እያለች ታስቸግረዋለች፤ ሲያቅተው እኔ ጋ ትደውልና «የልጄን ገንዘብ ማን እየበላበት ነው?» ትለኛለች። መንግሥት ብላት አታምንም። የጥርጣሬ ድምፅ ነው የምታሰማኝ።

ስትመዘገብ ደግሞ ሃይማኖትህን ይጠይቁሃል። እኛ ተዋሕዶዎቹ አመለጥን፤ የእኛን አሥራት የሚቆርጥልን መንግሥት የለም። አንድ የማውቀው ጎልማሳ ግን እምነቱን ሊመሰክር ዕድል ያገኘ መስሎት «ፕሮቴስታንት» ብሎ አስጻፈ። ከገቢ ግብሩ ላይ 8 በመቶ የቤተ ክርስቲያን ግብር መጣበት። ገብቶባት ለማያውቃት ቤተ ክርስቲያን።

ይህ ሁሉ ከኬርቮኸ ጋር ሲነጻጸር ሠርግ ነው። ኬርቮኸ የዚህ አካባቢ፣ የሽዋብ አገር ሕመም ነው፤ ሌላው ጀርመን ራሱ ይስቅበታል። ተራህ ሲደርስ በርህ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ተንጠልጥላ ታገኛለህ። ያን ሳምንት ደረጃውን ትጠርጋለህ፣ ትወለውላለህ፤ እንደ ውሉም የመንገዱን ዳር ትጠርጋለህ፣ በረዶ ከጣለ ትዝቃለህ። ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ኮሎምበስ አሜሪካ በደረሰበት በ1492፣ በእኛ አገር አፄ እስክንድር በነገሡበት ዘመን፣ ሽቱትጋርት ሰዉ የከብቱን እበት በየሳምንቱ ከከተማ እንዲያወጣ ትደነግግ ነበር። ከብቱ አለቀ፣ እበቱ አለቀ፣ ሳምንቱ ግን አለ። ከተማዋ ግዴታውን በ1988 ብታነሣውም አከራዮች በኪራይ ውል ውስጥ ሸሽገው አቆዩት። እኔ አገሬ ሳለሁ መጥረጊያ ጨብጬ አላውቅም፣ እናቴ አታስነካኝም ነበር። እዚህ ግን የሦስተኛ ፎቋ አሮጊት ጣቷን የደረጃው እጀታ ላይ አሳልፋ ታየዋለች። ጣቷን አይታ ደግሞ እኔን ታየኛለች።

ቡናስ? እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ቆልተን እንወቅጣለን እንዳትል። እሑድ ጸጥታ ነው። ሱቅ ዝግ፣ መዶሻ ክልክል፣ ሙቀጫም ከመዶሻ ይቆጠራል። እኔ ቅዳሜ እየወቀጥኩ ማስቀመጥ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ሲያድር ቡናው ምን ዓይነት እንደሚሆን የቡና አገር ሰው ይፍረድ።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ እኔ ቤት አረፈ። ይህን ሁሉ አብረን እናማርራለን፣ የሐሜት ጓደኛ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ወዴት! ጠርሙሱን በቀለም ይለያል፤ ቡናማው ለብቻ፣ አረንጓዴው ለብቻ። የእኔን የቆሻሻ ቅርጫት ከፍቶ ወረቀት ከፕላስቲክ ተቀላቅሎ ሲያገኝ ፊቱን የሚያጠቁረው አጠቋቆር አለ፣ የአሮጊቷን ፊት ነው የሚያመጣው። ደግሞ ጀርመንኛዬን ያርማል፤ ጥርሴን የነቀልኩበትን ቋንቋ! አንድ እሑድ ረስቼ ሙቀጫውን ባነሣ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ እሑድ ነው» ብሎ ከእጄ ተቀበለኝ። አሮጊቷ በእሱ ደስ ብሏት ለፋሲካ ኬክ ሰጠችው። ለእኔ ሰጥታኝ አታውቅም።

ባለፈው የራሱን ክፍል ተከራይቶ ወጣ። ናፍቆኝ ደወልኩና ዶሮ ተሠርቷል፣ ና አልኩት። ስልኩ ውስጥ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ሲያገላብጥ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለቴ፣ አለኝ። ሐሙስ ሳምንት በአሥር ተኩል ይመችዎታል?»

«በእኛ ነው በእነሱ?» አልኩት።

«በእኛ» አለኝ።

በአሥር ተኩል ብዬ፣ አመሻሹ ላይ መስሎኝ ወጡን አሙቄ ጠበቅሁት። ለካ በጠዋቱ መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ፣ እኔ ለኬርቮኸ ጓሮውን እየጠረግሁ ስላልሰማሁት፣ «አሥር ተኩል ነበር ያልነው» የምትል ወረቀት ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ጥሎ ሄዷል።