ነገረ ስድስት ሲሊንደር ዘሐረጎ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ደሴ ለመግባት ሃያ ጥቂት ኪሎሜትር መጓዝ ይበቃል፤ ነገር ግን ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,850 ሜትር ገደማ ተዘርግታ ስትኖር ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ ከ2,400 ሜትር በላይ ተቀምጣ የምትጠብቅ ስለ ሆነ፣ በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት፣ ጭነት የተሸከመውን መኪና ሁሉ የልቡን ሳይደብቅ ጮኾ እንዲናዘዝ የሚያስገድድ የንስሐ አባት ሆኖ ይኖራል። በዳገቱ ዳር ቡና ይዘው የሚቀመጡ ሰዎችም መኪናው ገና ከመታጠፊያው ሳይወጣ በድምፁ ብቻ ዘሩን፣ የጭነቱን ክብደትና የሲሊንደሩን ቍጥር ለይቶ የመናገር ሥልጣን አላቸው፤ ሥልጣኑን ከማን እንደ ተቀበሉት ግን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። እኔም ከነዚህ ሊቃውንት መካከል ቍጥሬ ከጀመረ ዘመኑ ስለ ራቀ፣ እስከ ዛሬ በቃል ብቻ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረው ይህ ትምህርት ጠፍቶ እንዳይቀር በጽሑፍ ላኖረው ወደድሁ።

ጀማሪ ተማሪ አስቀድሞ ሊጠነቀቀው የሚገባ ነገር ስም ነው። አባቶቻችን ስም የግብር መግለጫ ነው ብለው ቢያስተምሩም፣ ይህ ብሂል ለመኪና እንደማይሠራ ከሦስት ምስክሮች አፍ ይረጋገጣል። ፊተኛው ምስክር፣ አገሩ በሙሉ ኤንትሬ እያለ የሚጠራው ፊያት 682 ነው፤ ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1952 በጣልያን አገር የተወለደ፣ በአፍሪካ ዳገትና በረሃ ስሙን የተከለ ሲሆን፣ በጣልያንኛ «ትሬ» ማለት ሦስት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ሲሊንደሩ ሦስት ነው ብሎ ቢፈርድ ይሳሳታል፤ ስድስት ነውና። ስለዚህ ስም ሊቃውንቱ አንድምታ አላቸው፤ ሦስት መባሉ ኤን ከተባለው ዘር ሦስተኛው ትውልድ ስለ ሆነ ነው፤ አንድም ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ እሳት ስለሚያገኝ ነው፤ አንድም ሾፌሩ፣ ረዳቱና ተሳቢው ሦስት ስለሚሆኑ ነው። የመጀመሪያው ትርጓሜ እውነት፣ ሁለተኛው ሒሳቡ የቀና፣ ሦስተኛው ደግሞ ከቡና በኋላ የተጨመረ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ሰይቼንቶ የምትባለው ትንሿ ፊያት ናት። «ሰይ» ስድስት ነው፤ እርሷ ግን ያላት አራት ሲሊንደር ብቻ ሲሆን፣ ይህንንም ለማረጋገጥ የፊቱን ክዳን የሚከፍት ተመራማሪ ሲሊንደር ሳይሆን ተለዋጭ ጎማና የነዳጅ ጋን ስለሚያገኝ (ሞተሯ ከኋላ ነውና) ቍጥሩን ባዶ ብሎ ይመዘግባል። ሦስተኛው ምስክር የጣልያን ሠራዊት በዘመነ ፋሺስት ይገለገልበት የነበረው ላንቺያ ትሬ ሮ ነው፤ ይህስ በስሙ ሦስት ተብሎ በሆዱ አምስት ሲሊንደር ይዞ ይዞር ስለ ነበር፣ ከአራቱም ከስድስቱም ወገን ሳይቈጠር መናፍቅ ሆኖ ቀርቷል። የመርሴዲስን ነገር አላነሣም፤ ጅራቱ ላይ 220 የተጻፈበት ባለ ስድስትም ባለ አራትም ስላለ፣ ያንን የሚመረምር ሰው ዕድሜና ትዕግሥት ይስጠው።

ስድስት ሲሊንደር ለዓለም አዲስ ነገር አይደለም። የሆላንዱ ስፓይከር እ.ኤ.አ. በ1903 ሠርቶት ነበር፤ አሜሪካዊው ሼቭሮሌም በ1929 ስድስቱን በአራቱ ዋጋ ሸጦ የብዙዎችን ጋራዥ ሞልቷል። ለወሎ ግን ይህ ዕውቀት የመጣው በመጽሐፍ ሳይሆን በአሰብ መንገድ ነው። አሰብ የኢትዮጵያ ዋና በር በነበረችበት ዘመን፣ ማለት እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ፣ ቦቴውና ባለ ተሳቢው ኤንትሬ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ሚሌን አልፎ፣ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ሲወጣ፣ የሚበዛው ጭነት ወደ አዲስ አበባ ሲታጠፍ ወደ ሰሜን የሚሄደው ግን ሐረጎን መጋፈጥ ነበረበት። የደሴ ልጅ ፊደል ሳይቈጥር ሲሊንደር መቍጠር የጀመረው በዚያ ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ረቂቁ ምሥጢር እንግባ። በቤተ ክርስቲያን ማሕሌት ሲቆም ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ወገን ለይተው፣ አንዱ ሲያነሣ ሌላው እየተቀበለ ዜማውን ሳያቋርጡ እንደሚያደርሱት፣ የስድስት ሲሊንደር ሞተርም የፊተኞቹ ሦስቱ አንድ ወገን፣ የኋለኞቹ ሦስቱ ሌላ ወገን ሆነው እሳቱን ይቀባበሉታል። ተራው በብዙዎቹ ዘንድ አንደኛው፣ አምስተኛው፣ ሦስተኛው፣ ስድስተኛው፣ ሁለተኛው፣ አራተኛው ነው፤ ልብ ብሎ ላየው ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ እየተባለ ይሄዳል፤ ከአንዱ ወገን ሁለቱ ተከታትለው አይናገሩም። ፒስቶኖቹም ሁለት ሁለት እየሆኑ አንደኛው ከስድስተኛው፣ ሁለተኛው ከአምስተኛው፣ ሦስተኛው ከአራተኛው ጋር አብረው ወጥተው አብረው ሲወርዱ፣ ሦስቱ ጥንዶች ግን እርስ በርሳቸው በእኩል ርቀት ስለሚቀዳደሙ፣ የአንዱ ጥንድ መናወጥ በሌሎቹ ይሻራል። ሞተሩ በባዶ ማርሽ ሲዞር ቡና የሞላ ሲኒ ቴስታታው ክዳን ላይ ቢያስቀምጡበት ሳይፈስ ይቆያል የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ በአራት ሲሊንደር ላይ የሞከረው ሰው ግን ሲኒውንም ቡናውንም አጥቷል። ከውጭ በዓይን አይቶ ለመለየት የሚሞክር ግን ይሳሳታል፤ ኤንትሬ አፍንጫ የለውም፤ ሞተሩ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል፣ ጋቢናው ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ስለዚህ ግንባሩ የረዘመ ስድስት ነው የሚለው የአላዋቂዎች መለያ ለጥንቱ ባለ ቤንዚን ላንድክሩዘር ቢሠራም እዚህ ላይ ይወድቃል።

የድምፁ ነገር በቍጥር ሲገለጥ እንዲህ ነው። ባለ ስድስቱ በየዙሩ ሦስት ጊዜ፣ ባለ አራቱ ሁለት ጊዜ እሳት ያገኛል፤ ስለዚህ ሁለቱ በእኩል ፍጥነት ሲዞሩ የድምፃቸው ንጽጽር ሦስት ለሁለት ይሆናል፤ ይህም ሙዚቀኞች አምስተኛ የሚሉት፣ ክራር የሚቃኝ ሰው ጆሮው ሳይጠየቅ የሚያውቀው ርቀት ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ያስገኘ አገር ሰው ይህን ሊስት አይችልም የሚል ትምክሕት በመካከላችን የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቅኝቶቻችን አራት መሆናቸውን ለአራት ሲሊንደር ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ፤ ሐተታቸውን ሰማሁ፤ አልተቀበልሁትም።

ይሁን እንጂ ይህ ሊቅነት አንድ ቀዳዳ እንዳለው ባለፈው ክረምት በገዛ ኪሴ ተረዳሁ። ጉም ሐረጎን ሸፍኖት፣ ከፊታችን ያለው አስፋልት እንኳ ሳይታየን ቡና ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሳለን፣ ከታች ወፍራም፣ የማይቆራረጥ፣ ዘለግ ያለ ድምፅ እየተጐተተ ሲወጣ ሰማሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥሁና፣ ኤንትሬ ነው፣ ስድስት ነው፣ ከአሰብ ዘመን የተረፈ ነው ብዬ ፈረድሁ፤ ያልሆነ እንደ ሆነ ሾፌሩን አስቁሜ እስኪበቃው ቡና አጠጣዋለሁ ብዬም በሸንጎው ፊት ቃል ገባሁ። ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያለው ጤፍ የጫነ ኢሱዙ ኤንፒአር ነበር።

ወደ ቤቴ ስገባ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። በደቂቃ 1,200 ጊዜ የሚዞር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በሰከንድ ስድሳ ጊዜ እሳት ያገኛል፤ በደቂቃ 1,800 ጊዜ የሚዞር ባለ አራትም እንዲሁ ስድሳ ጊዜ ነው። ዳገት ላይ በትንሽ ማርሽ የተጨነቀ ኢሱዙና ተረጋግቶ የሚወጣ ኤንትሬ ለጆሮ አንድ ቃል ይናገራሉ ማለት ነው፤ በዚህም የተነሣ የኔ ፍርድ ስሕተት ሳይሆን ከሒሳቡ ጋር የተስማማ ስሕተት ነበር። እርግጡን ማወቅ የሚፈልግ ሰው መላው ቀላል ነው፤ ኮፈኑን ከፍቶ፣ አለዚያም ጋቢናውን አንሥቶ፣ ከናፍጣው ፓምፕ ወጥተው ወደ ቴስታታው የሚሄዱትን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች መቍጠር ነው። ይህን መላ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማንም ሲያደርገው አላየሁም፤ ቱቦ ከተቈጠረ ክርክሩ ያልቃል፣ ክርክሩ ካለቀም ቡናው ምክንያት ያጣል።

ሾፌሩን ግን እዚያው ሐረጎ ላይ፣ ወደ ቤቴ ሳልመለስ፣ ቃሌን ጠብቄ አስቁሜው ነበር። የድምፁን ሦስት ለሁለት ንጽጽርና የቀኝ ጌታና የግራ ጌታን ነገር ከመጀመሪያው አንሥቼ ሳስረዳው በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ጋሼ፣ እሷ እኮ ኢሱዙ ናት፤ አራት ናት» አለኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወጣ አብረን ተቀመጥንና ሒሳቡን ጠየቅሁ። ስድስት ሲኒ።