ታቹ ለቀኙ፣ ላዩ ለግራው
ጅዳ የሚኖር ሐበሻ ዘመድ ለዑምራ ሲመጣበት ከፍራሹና ከምግቡ በፊት የሚያስጨንቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ኢሕራም የሚገባው አየር ላይ ነው ወይስ ጅዳ ወርዶ? በዚህ ነገር ስንት ሻይ ቀዝቅዟል፣ ስንት ሰው ተኳርፏል! ተጓዦችን የሚያስተባብሩ ሰዎች የሁለት ኡስታዞችን ማስታወሻ ሰጡኝና «አንድ ወረቀት ላይ አዋህደው፤ ሁለቱንም ወገን እኩል አቅርብ» አሉኝ።

በቀኝ አምድ ብዙኃኑን ዑለማ አሰፈርኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለየመን መንገደኛ የለምለምን፣ ለሻም ጁሕፋን ሚቃት፣ ማለትም የኢሕራም መግቢያ ድንበር፣ አድርገዋል፤ በትይዩው የሚያልፍ፣ በሰማይም ቢሆን፣ እዚያው ኢሕራም ይገባል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1986 ዓማን ላይ ይህንኑ ወስኗል። (ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ጅዳ ነው፤ ለሚኖርባት ከተማ እንኳ አላዳላም።) በግራ አምድ የኳታሩ ሸይኽ ዐብደላህ ቢን ዘይድ አል-ማሕሙድ አሉ፦ ሚቃት ምድር ለሚረግጥ መንገደኛ ነው፤ በአየር ለሚመጣ ጅዳ ሚቃቱ ይሁን።

የሚገርመው የሁለቱም ማስረጃ አንድ ታሪክ መሆኑ ነው። የኢራቅ ሰዎች «ቀርን የሚባለው ሚቃት ከመንገዳችን ይርቃል» ቢሏቸው ኸሊፋ ዑመር ትይዩውን እንዲፈልጉ ነግረው ዛቱ ዒርቅን ወሰኑላቸው። አንዱ ወገን «ዋናው ትይዩው ነው» ይላል፤ ሌላው «ለመንገደኛ የሚመች ሚቃት መወሰን ይቻላል» ይላል። ጠቡ ያለው እዚህች ላይ ነው፣ እኔም መሃል ላይ ጽፌያት ነበር። አስተባባሪዎቹ «ረዘመ» ብለው አወጧት፤ በቦታዋ ቀጥ ያለ መስመር ቀረ።

አጎቴ ከደሴ ሲመጡ ወረቀቱን አንብበውታል። አየር ማረፊያ ልቀበላቸው ብሄድ፣ ከወገብ በታች ነጭ ሽርጥ፣ ከወገብ በላይ የክት ኮታቸው፣ እስከ አንገት የተቆለፈ!

«አጎቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ታቹ ለቀኙ፣ ላዩ ለግራው ነው። ሁለቱም ዑለማ ናቸው፤ ማንን ላስቀይም?»

ኢሕራም ደግሞ ልብሱ ሳይሆን ኒያው ነው። ኒያውን የት እንዳደረጉ ብጠይቃቸው «አየር ላይ፤ ተልቢያም ብያለሁ» አሉ። አለቀ! ኢሕራም ለገባ ወንድ የተሰፋ ልብስ ክልክል ሆኖ ሳለ ኮት ለብሰው ኖሯል። ኮቱን እዚያው አስወልቄ ወደ መካ ይዣቸው ሄድኩ።

መካ ለአንድ ዐዋቂ ጉዳዩን ነገርናቸው። ሆን ብሎ የለበሰ ፊድያ አለበት፦ ሦስት ቀን መጾም፣ ስድስት ሚስኪን ማብላት ወይም በግ ማረድ። ሳያውቅ የለበሰውን ግን ሻፊዒዎቹ ይቅር ሲሉት ሐነፊዎቹ ማካካሻ ያስከፍሉታል። ማስታወሻ ልይዝ ብዕር ሳወጣ አጎቴ እጄን ለቀም አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ደግሞ መስመር ልታሰምር ነው?»

ስድስት ሚስኪን አብልተው ተገላገሉ። ወረቀቱ ላይ አንዲት የተሳሳተ ቃል አልነበረችም፣ ዛሬም እከራከራለሁ። ግን ዘመድ የምትጠብቁ የጅዳ ሰዎች፣ «አውሮፕላን ላይ ግቡ፣ ብዙኃኑ ዑለማ ያሉት ይህንን ነው» በሏቸው። የግራውን አምድ ዑምራቸውን ከጨረሱ በኋላ ሻይ ላይ አንሱት።